የተገለበጡ ሳህኖች

ሮም፣ ሐምሌ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ዘርፈሽዋል፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ተወልደብርሃን ቪያ ቮልቱርኖ ያለውን ስልክ ቤቱን ዘግቶ በእጁ አመጣልኝ። ፖስታውን ሲሰጠኝ፣ «ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ልጅዎ ስትደውል ቢያነሱላት ይህ ሁሉ ቴምብር ምን ያደርጋል?» አለኝ። በስልክ የተነገረ ነገር ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፣ በወረቀት የተጻፈውን ግን ደግሜ አነበዋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ስለ ሕንፃው ለጠየቅሽው፣ ከእኔ በኋላ ሌላ በር ጠባቂ፣ ፖርቲዬሬ፣ አልቀጠሩም። በሩ አሁን ቁጥር ተነክቶ ይከፈታል። ገቢና ወጪውን ሰላም የሚል የለም። የበር ጠባቂውን ክፍል ግን እስክሞት ድረስ ትተውልኛል፣ ስለዚህ አላጉረመረምኩም። የተቀነሰብኝን ነገር ለሰው አላወራም።

አሁን ወደ ዋናው። በምትሠሪበት የሽርሽር መርከብ እንድሳፈር ስትጠይቂኝ ይህ የመጀመሪያሽ አይደለም። በየዓመቱ እምቢ ያልኩሽም ምክንያቱ አልተቀየረም። እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው በር የከፈትኩት አንቺ የሰው ሳህን እንዳትሸከሚ ነበር። ይህን ፊት ለፊት ነግሬሻለሁ፤ አንቺም ፊት ለፊት በሩን ዘግተሽብኝ ሄደሻል።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ጽፈሻል። የመመገቢያ አዳራሹ ኃላፊ፣ እናንተ ካፖ ሳላ የምትሉት፣ ታሞ ወርዷል፤ ቦታውን አንቺ ይዘሽ እየሠራሽ ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ኩባንያው ሹመቱን ወይ ያጸናልሻል ወይ ወደ ሳህንሽ ይመልስሻል። ከመወሰናቸው በፊት መጥቼ እንዳይሽ ትፈልጊያለሽ።

እመጣለሁ። ነገር ግን ጉዞው ነሐሴ ሦስት ተነሥቶ ነሐሴ ዐሥር የሚመለስ በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ፍልሰታ ላይ ይውላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያም በኋላ የጾም ብቻ እበላለሁ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ። ጾም ለሰው አይነገርም። ለሌላው የማይደረግ ነገር ለእኔ እንዳይደረግ። አባትሽ መሆኔም አይታወቅ፤ በአባቷ ፊት ትልቅ ለመምሰል ነው የሚል ሰው አልፈልግም።

እነዚህን ከተስማማሽ ቲኬቱን ላኪ።

አባትሽ ኃይለመለኮት

*

ፒሬዎስ ወደብ፣ ሐምሌ 22

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎን ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ቆሜ ቢሆን እወድቅ ነበር። ያሉትን ሁሉ እሺ ብያለሁ። ካቢናዎ መስኮት አለው፣ ባሕሩን ያያሉ። ቁጣዎን ለማብረድ ነው የመረጥኩት፣ እውነቱን ልንገርዎ።

አንድ ነገር ግን ሳይሳፈሩ ማወቅ አለብዎት። መርከቡ እንደ ድሮው አይደለም። ኪሳራ ነው እየተባለ ብዙ ነገር ተቀንሷል። እኩለ ሌሊት ላይ ይዘረጋ የነበረው ቡፌ ቀርቷል። ዳቦ ካልጠየቁ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛ ምግብ የሚፈልግ ይከፍላል። የሙዚቃ ተጫዋቾቹ ወርደው ካሴት መጥቷል። ማታ ትራስ ላይ የምናስቀምጣት ቾኮላታ እንኳ የለችም። ተሳፋሪው ደግሞ ኩባንያውን አያየውም፤ የሚያየው እኔን ነው። ትናንት አንድ ሰው «ሲኞራ፣ ነገ ደግሞ ወንበሩን ነው የምታነሺብን?» አለኝ። አሎራ፣ ምን እለዋለሁ? ፈገግ አልኩ።

ለእርስዎ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከምሳ በኋላ እስከ እራት ይከፈት የነበረው አዳራሽም ተዘግቷል። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መርከቡ ላይ የሚበላ ነገር የለም። ዳቦና ቲማቲም ካቢናዎ ላስቀምጥልዎ? ለሌላው የማይደረግ ነው አይበሉኝ፤ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ ዘርፌ

*

ከመርከቡ ላይ፣ ነሐሴ 6

ዘርፈሽዋል፣

ካቢናዬን የሚያጸዳው ሰው ወረቀትሽን ሰጥቶኛል፤ ይህንንም የሚያደርስልሽ እሱ ነው። አንድ መርከብ ላይ ሆነን በሰው እጅ መጻጻፋችን ያስቅ ይሆናል። አንተዋወቅ ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ዳቦውን ከትናንት በስቲያ መልሼልሻለሁ። ከራት የተረፈኝን ቁራሽ በመሐረብ አቆያለሁ፤ ይበቃኛል።

አስቀድሜ ላልጠየቅሽኝ ነገር ልመልስ። ቺቪታቬኪያ ከባቡር ወርጄ ወደቡ ጋ ስደርስ አንድ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አየሁና መርከቡን ለማየት ሕንፃውን ዞሬ ለማለፍ ተነሣሁ። ሻንጣ የሚያነሣው ሰው፣ «ሽማግሌው፣ ወዴት ነው? እሱ ራሱ ነው» አለኝ። ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ ካሉት ሕንፃዎች አንዱም አያክለውም። ብረት ነው፤ በላዩ ላይ ዛፍ ተተክሏል፤ ይህም ሁሉ ውኃ ላይ ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ፤ ለማን እንዳወለቅሁት አላውቅም።

ሮም ይህን ያህል ዘመን ስኖር ባሕሩ በባቡር ቅርብ ነበር። ሄጄ አላየሁትም። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዳዊቴን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። በየትኛውም ወገን ዳር የለውም። ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ወጣች፤ ስትወጣም ጠብታ ከላይዋ የሚወርድ መሰለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕር እያልኩ ስደግም ቃል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነገር ነው። መጽሐፉን ከፍቼ ቆሜ አንድ መስመር እንኳ ሳልደግም ፀሐይዋ ከፍ አለች። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ምሳ ሰዓት ካቢናዬ ውስጥ እንድቆይ ለምነሻል። አልቆይም።

የሆነውን እኔም አይቻለሁ። ያደረግሁት ነገር የለም። አስተናጋጁ ሲመጣ እጄን ሳህኔ ላይ አደርጋለሁ፤ እሱም ያልፋል። ይህንኑ ነው የመጀመሪያውም ቀን፣ ሁለተኛውም ቀን ያደረግሁት። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሪካርዶ የሚባል ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን በሾፔሮ፣ በሥራ ማቆም አድማ፣ የጨረሰ ሰው። ስለ ዳቦውና ስለ ሁለተኛው ምግብ ሲራገም ቆየና እኔን ተመለከተኝ።

«አንተ አትበላም?»

«አልበላም» አልኩት።

«ትናንትም አልበላህም።»

«አልበላሁም።»

ዞር ብሎ ለጠረጴዛው ሰዎች፣ «አያችሁ? እኛ እየበላን እናማርራለን። እሱ ዝም ብሎ አድማ መታ። ወንድ ማለት ይህ ነው» አለና የራሱን ሳህን ገለበጠ። ትናንት የገለበጡት አራት ጠረጴዛዎች ነበሩ። ዛሬ የአዳራሹን ግማሽ ቆጥረሽ ይሆናል።

አንዲት ቃል ብቻ ይናገሩ ትይኛለሽ። የምጾመው ለሪካርዶ አይደለም፤ ስለዚህ ለሪካርዶ የማስረዳው የለኝም። ተደብቄም አልቀመጥም። ወንበሩ የእኔ ነው፤ እቀመጥበታለሁ።

አባትሽ

*

ነሐሴ 7

አባባ፣

ነገ ምሳ ላይ የመርከቡ መስተንግዶ ሁሉ አለቃ፣ የሆቴሉ ዲሬክተር፣ ራሱ ይወርዳል። ሳህኖቹ ተገልብጠው ካየ አዳራሹን መያዝ አልቻለችም ይላል፤ የእኔ ነገር እዚያው አለቀ። ወጥ ቤት ያሉት ልጆች «የሁሉ ነገር ጀማሪ ያ ሽማግሌ ነው» እያሉ በስም ሳያውቁ ይሰድቡዎታል፤ እኔም አብሬ ቆሜ እሰማለሁ፤ አባቴ ነው እንዳልል አስምለውኛል።

ጾምዎን ይፍቱ አላልኩም። አልልም። ግን ልጅ ሆኜ ምንም ለምኜዎት አላውቅም፤ አሁን እየለመንኩ ነው። እርስዎ ይህን ሥራዬን ጠልተውት ኖረዋል። እንዲህ አድርገው እንደሚጨርሱት ግን አላሰብኩም ነበር።

ዘርፈሽዋል

*

ሮም፣ ነሐሴ 17 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ዘርፈሽዋል፣

በሰላም ገብቻለሁ። ጾሙን ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ፈታሁ። ተወልደብርሃን ዶሮ አሠርቶ ጠራኝ፤ ስለ መርከቡ ሲጠይቀኝ መናገር ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። «ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ተሸውጄ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም» አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም ራሴን አላወቅሁትም።

መውረጃው ላይ ተጨናንቀን ሳንሰነባበት ቀረን። ወደብ ላይ ዞሬ ስፈልግሽ አዲስ ተሳፋሪ ትቀበዪ ነበር። የጠየቅሽኝን አሁን እመልሳለሁ።

ምን እንዳልኳቸው ጠይቀሻል። አንቺ ያን ሰዓት ከዲሬክተሩ ጋር ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ነበር፤ ከሩቅ አትሰሚም። ሳህኖቹ ሁሉ ተገልብጠው ነበር። ያን የሚያህል አዳራሽ፣ ያን የሚያህል ሕዝብ፣ ማንኪያ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከፊት ለፊቴ ብሩና የምትባለው ሴት ተቀምጣለች፤ ከፕራቲ ሰፈር የመጣች ባልቴት። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቾኮላታ ስታማርር ሰምቼ ንቄያት ነበር። ያን ዕለት ግን እንዲህ አለችኝ፦ «በየበጋው ከባለቤቴ ጋር ነበር የምመጣው። የእሱን ቾኮላታ በእኔ ትራስ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር፤ ጣፋጭ አይወድም። ዘንድሮ ብቻዬን መጥቼ ትራሱን ሳየው ባዶ ነው። የምበላው ስለሌለኝ መሰለህ?» ሰው የተቀነሰበትን ነገር ሲናገር የሚናገረው ስለዚያ ነገር ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ነው የገባኝ።

ከዚያ አንቺን አየሁሽ። ዲሬክተሩ በጆሮሽ እየተናገረ ነበር፤ አንቺ ግን ዓይንሽ እሱ ላይ አልነበረም። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እያየሽ ነበር። ፊትሽ ላይ ቁጣ የለም። ፍርሃት የለም። እኔ እምቢ ስል የሚኖረኝ ፊት ነበር፤ የእኔን ፊት በሌላ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

ተነሣሁ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ጠረጴዛውን ይዤ ነው። እንዲህ አልኩ፦

«እኔ አድማ አልመታሁም። እየጾምኩ ነው። ሃይማኖቴ ነው፤ እስከ ሦስት ሰዓታችሁ ድረስ አልበላም። ይህን ለሰው መናገር ደንቤ አይደለም፤ ዛሬ ግን ዝምታዬ ሐሰት ሆነብኝ። ይህን አዳራሽ የምትመራው ሴት የቀነሰችባችሁ ነገር የለም። የቀነሰው ሌላ ነው፤ እሷ የተረፈውን እያካፈለቻችሁ ነው። የተከፋ ለቀነሰው ይጻፍ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሪካርዶ፣ «አሎራ፣ የአድማችን መሪ ለካ ሌላ አለቃ ኖሮታል» አለና ሳህኑን አቃና። ብሩና አቃናች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም ሰምተሻል፤ ያ ሁሉ ሳህን አንድ ላይ ሲዞር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ መሰለኝ። አንቺም እጅሽን ከደረትሽ ከፍ ሳታደርጊ አንዲት ጣት ብቻ አነሣሽ፤ አስተናጋጆቹ ሁሉ ከየጥጉ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። ከባሕሩ በኋላ ምንም አያስደንቀኝም ብዬ ነበር።

የማያስደስትሽን ደግሞ ልበል። በማግሥቱ ያደረግሽውን አልጠየቅሁሽም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የካቢናዬ በር ሲንኳኳ መሐረቤን ፈትቼ ቁራሼን ልበላ ነበር። ካቢና የሚያጸዳው ሰው «ካፖ ሳላዋ ይምጡ ብላለች» አለኝ። ወረድኩ። የተዘጋው አዳራሽ ተከፍቷል። ምስርና ዳቦ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም። ይህ ብቻ ቢሆን ዞሬ እመለስ ነበር፤ ለሌላው የማይደረግ ብዬሻለሁና። ግን ሪካርዶ ተቀምጧል። ብሩና ተቀምጣለች። ከኋላቸው ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች፣ ጠረጴዛ ሞልተው። ምሳ ላይ ሳህናቸውን ልብ አላልኩም ነበር፤ ለካ አንዳቸውም አልበሉም።

«እንግዲህ ዛሬ ነው በእውነት የተከተልንህ» አለኝ ሪካርዶ። «የረሃብ አድማ ማለት ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኛ ስንመታ ከኋላ በር ፓኒኖ ይገባልን ነበር።»

ያላመኑበትን ጾም ለአንድ የማያውቁት ሽማግሌ ብለው ጾሙ። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ይህን የሚመስል አላየሁም። አጎንብሼ ምስሩን በላሁ፤ ቀና ብዬ ሰው ማየት አልቻልኩም።

ነገር ግን አዳራሹ እንዲዘጋ ታዟል፤ አንቺ ከፈትሽው። ይህ እንደሚያስጠይቅሽ ታውቂያለሽ። የወሰኑትን ጻፊልኝ።

አባትሽ ኃይለመለኮት

*

ቫሌታ ወደብ፣ መስከረም 8 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንኳን አደረሰዎ። ደብዳቤዬ የዘገየው የሚጻፈውን ስላጣሁ ነው።

ወስነዋል። ስለ ሳህኖቹ ምንም አላሉም፤ እንዲያውም ዲሬክተሩ በደንብ ይዛዋለች ብሎ ነበር። አዳራሹን ያለ ፈቃድ በመክፈቴ ግን ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛዎቼ ተመልሻለሁ፤ በስተግራ መስኮቱ አጠገብ ያሉት ናቸው። ብዙ ተሳፋሪዎች ለኩባንያው ጽፈውልኝ ነበር። ሲኞራ ብሩና ሁለት ጊዜ ጽፋለች። ቫ ቤኔ፣ ይሁና፣ አልረዳም።

ላልዋሽዎ፣ አልቅሻለሁ። ካፖ ሳላ ሆኜ ያዩኝ ያችን አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እሷም በጸብ አለቀች። አሁን ተመልሼ እርስዎ ሊያዩት የማይፈልጉትን ሥራ ነው የምሠራው።

ሁለት ነገር ይመልሱልኝ። አዳራሹን መክፈቴ ስሕተት ነበር? ሁለተኛው፣ ለምን ነበር የተቀመጡት? እርስዎ ምሳ አይበሉም። አፍዎ ደርቆ፣ በጾም ሆድ፣ ያ ሁሉ የምግብ ሽታ እያለፈብዎ ያን ያህል ሰዓት ለምን ይቀመጣሉ? ካቢናዎ ውስጥ ቢያርፉ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እልኽ ነበር? እልኽ ከሆነም ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።

ዘርፌ

*

ሮም፣ መስከረም 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ልጄ ዘርፌ፣

ደብዳቤሽን ፒያሳ ቪቶሪዮ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ አነበብኩት። ከዚያ ገበያ ሄጄ ምስር ገዛሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤት ሞልቷል።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ስሕተት ነበር። ትእዛዝ ነበረሽ፤ ተላለፍሽው። እኔ በር ጠባቂ ነበርኩ፤ ዝጋ የተባለን በር መክፈት ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግሪኝም። ቀጪዎችሽ በደንባቸው ትክክል ናቸው። ተወልደብርሃን «ቢያንስ አንድ ጊዜ ልጅዎን ያጽናኑ እንጂ» ብሎ ተቆጥቶኛል። የማላምነውን ጽፌ አላጽናናሽም።

ግን ይህን ያህሉን ጨምሬ እጽፋለሁ፤ ያ በር የተከፈተው ለእኔ ነው። በሕይወቴ ሙሉ በር የከፈትኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ የተከፈተልኝ በር ያ የመጀመሪያው ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ እልኽ አልነበረም። እራት ላይ አዳራሹ ጨለም ይላል፤ ዓይኔ ከሩቅ አያይም። ቁርስ ላይ አንቺ የለሽም። አንቺን በብርሃን ማየት የሚቻለው ምሳ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ጽፌ ልነግርሽ ስል ብዕሬ ሌላ ነገር ይጽፋል፤ ወንበሩ የእኔ ነው የሚል ነገር።

ያየሁትን ልንገርሽ። እኔ በር ላይ ስቆም የማየው ማን እንደገባ ነበር። አንቺ በር ላይ ስትቆሚ የገባው ሰው እንዴት እንዳደረ ታያለሽ። አንዲት አሮጊት እጇ ሲንቀጠቀጥ ሾርባዋን በኩባያ አስቀየርሽላት፤ አልጠየቀችሽም። አንዱ ሰው ሲጮህብሽ ከእሱ ይልቅ ቀጥሎ ያለው ሕፃን መደንገጡን አይተሽ በመካከላቸው ቆምሽ። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ አስተናጋጅ ስለታመመ ሳህኖቹን በክንድሽ ደርድረሽ አንቺው ተሸከምሽ፤ መርከቡ ዘመም ብሏል፣ አንቺ አልዘመምሽም። ሠላሳ ዓመት የፈራሁትን ነገር በዓይኔ አየሁት። ልጄ የሰው ሳህን ተሸክማለች። ባሕሩን ያየሁ ጊዜ እንደቆምኩት ሆንኩ። እንደ ውርደት ነበር የማስበው። ለካ አላየሁትም ነበር።

ስለዚህ ሹመት ሄደ ብለሽ ለእኔ አታልቅሺ። ለራስሽ ካለቀስሽ መብትሽ ነው።

ተወልደብርሃን ቲኬት እንዲገዛልኝ ነግሬዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ላለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ወራት ጾም የለም፣ ረቡዕም ዓርብም። እንደ ሰው ሁሉ ምሳዬን በምሳ ሰዓት እበላለሁ። ለሁለተኛ ምግብም እከፍላለሁ። በስተግራ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛሽ አስቀምጪኝ፤ ሌላ ቦታ እንዳታደርጊኝ። ሳህኔን አቃንቼ እጠብቅሻለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ካላጠፋሽው፣ አንዱን ቃል ሰርዢው። ያ ሽማግሌ ማነው ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ፣ አባቴ ነው በይ።

አባትሽ ኃይለመለኮት